የኛ ሲዲ ፎር እና የሆላንዶች ሲዲ ፎር

ኤችአይቪ የሌለባቸው ሁለት ጤነኛ ሰዎች፣ አንዱ አዲስ አበባ አንዱ አምስተርዳም፣ ደም ሰጡ እንበል። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ያነጻጸረው ይሄንን ነው፣ የሆላንዶቹ ሲዲ ፎር (ኤችአይቪ የሚያጠቃው የሰውነት ተከላካይ ነጭ የደም ሴል) በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም በአማካይ 993 ሲሆን የኛ 775 ሆኖ ወጣ፣ ሲዲ ኤይት የሚባለው ሌላው ተከላካይ ሴል ላይ ግን የኛ በለጠ።

ለምን? የሆላንዱ ሰውዬ ገና ምንም ያልገጠማቸው ትኩስ ሴሎች በብዛት አሉት፣ የኛ ሰው ሴሎች ግን ቫይረሱ ሳይመጣም ገና ከወስፋቱ ከሌላውም ኢንፌክሽን ጋር ሲታገሉ ስለሚኖሩ ሁሌም እንደተቀሰቀሱ ናቸው። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤሎች ላይም ይሄው ታይቷል፣ የሆድ ትሉ ሲታከም ደግሞ ቅስቀሳው በረድ ብሏል። ይሄ በጣም ነው የሚገርመኝ፣ ዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት አይለወጥም ነበራ!

እና ቫይረሱ ሲገባ ኢትዮጵያዊው ቶሎ ይወድቃል? እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ፣ ግን የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተሏቸው ከዝቅተኛ ቁጥር ቢነሱም ሲዲ ፎራቸው የሚወርደው ከሆላንዶቹ ቀስ ብሎ ነው። የቫይረሱም ዓይነት ይለያያል፣ እኛ ጋ «ሲ» የሚባለው እነሱ ጋ «ቢ» የሚባለው ይበዛል፣ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለሰውነት መስጠት ልክ አይመስለኝም።

ብቻ ጤነኛ ሰው ውጤቱ ላይ 600 አይቶ ከፈረንጅ አማካይ ጋር አነጻጽሮ ሲደነግጥ ያሳዝነኛል፣ ለኛ ሰው እኮ ኖርማል ነው።