ቱርቦው ሲበላሽ፦ አውጥቶ መንዳት፣ ማስጠገን ወይስ ያለ ቱርቦ የተሠራ መኪና መግዛት?

የትንሽ መኪና ቱርቦ፣ ማለትም በጭስ ግፊት እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባው መሣሪያ፣ ሲበላሽ ባለቤቱ ፊት ሦስት አማራጮች ይቀርባሉ፤ ቱርቦውን አውጥቶ መንዳት፣ ማስጠገን ወይም መተካት፣ አለዚያም መኪናውን ሸጦ ከመነሻው ያለ ቱርቦ የተሠራ መግዛት። የመጀመሪያው ርካሽና ነዳጅ የሚቆጥብ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይስባል፤ እኔ ግን ሁሉም ወጪ ሲደመር ከሦስቱ የሚያከስረው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፎልክስዋገን ባለ ሦስት ሲሊንደር 999 ሲሲ ሞተሩን በሁለቱም ዓይነት ሠርቷል። ያለ ቱርቦ የተሠራው 75 የፈረስ ጉልበትና 95 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ሲሰጥ፣ ባለ ቱርቦው በ110 የፈረስ ጉልበት ስሪቱ 200 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ቱርቦ ያወጣ ሰው ባለ 75ቱን ሞተር ያገኘ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የባለ ቱርቦው ቫልቮች አከፋፈት፣ የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው የተሰሉት አየር በግፊት እንደሚገባ ታስቦ ስለሆነ፣ ያንንም ላያገኝ ይችላል። የማርሹ ምጣኔም ለብዙ ጉልበት የተመረጠ በመሆኑ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገት ሁለተኛ ይጠይቃል፤ ነጂው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ስለሚረግጥም ይቆጠባል የተባለው ነዳጅ አይቆጠብም።

በእርግጥ ማውጣቱ የሠራበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ሞተሩ እንዳያንኳኳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይፈልግ ነበር፤ ባለቤቶቹ መሙላቱን ችላ ስላሉ የብዙዎቹ ቱርቦ ወጥቶ በተለመደ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር በሚቀላቅል ክፍል) ተተካ። ይሁንና ያ ሞተር 3.5 ሊትርና ስምንት ሲሊንደር ያለው ነው፤ ያለ ቱርቦም በቂ ጉልበት ነበረው። አንድ ሊትር ሞተር ግን እንዲህ ያለ ትርፍ የለውም።

ሥራውም ቀላል አይደለም። ወደ ቱርቦው የሚሄደው የዘይት ቱቦ በሚገባ ካልተደፈነ ዘይቱ ፈስሶ ሞተሩ ይነክሳል። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚጠብቀውን ግፊት ሲያጣ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ የማስጠንቀቂያ መብራትም ያበራል። ናፍጣ ሞተር ላይ የነዳጁ መጠን ካልተቀነሰ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ቱርቦውን በቦታው ትቶ የአየር ቱቦውን ብቻ መንቀል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጭነት የሌለው የቱርቦው ዘንግ ከልክ በላይ ሊሽከረከር ይችላልና።

ማስጠገን ዋጋ ቢጠይቅም፣ የውጭ አካሉ ካልተሰነጠቀ የውስጡን ካርትሬጅ (ዘንጉና ፋኖቹ ያሉበትን ክፍል) ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። የአየር ቱቦውን ነቅላችሁ ዘንጉን በጣት ያዙት፦ ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተለመደ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ወይም የፋኑ ጫፍ ግድግዳውን ፍቆ ካበራው ግን ካርትሬጁ አልቋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ስለሚችል የሚያኖረው ንጹሕ ዘይት ነው፤ ቀጭኑ የዘይት ቱቦ በተቃጠለ ዘይት እንደ ጥላሸት ደርቆ ተደፍኖ ከሆነና እሱ ካልተቀየረ፣ አዲሱም ቱርቦ ብዙ አይቆይም። በዚህ ላይ የሚያቆጥብ መካኒክ አትቀበሉ።

ያለ ቱርቦ የተሠራ መኪና ለማን ይሆናል? በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ፣ ዘይት በሰዓቱ መቀየር ለሚያስቸግረውና መኪናውን ለረጅም ዓመታት ለሚይዝ ሰው ያለ ማመንታት እሱን እመርጥለታለሁ፤ የሚበላሽ ክፍሉ ያነሰ ነው። ከፍታ ቦታ የሚኖር ግን፣ እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚያጣ ማወቅ አለበት፤ ቱርቦ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሳል።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር) በቦታው ኖሮ ቱቦዎቹ የተደፈኑ ከሆኑ፣ ሻጩ ቱርቦውን አውጥቶታል ማለት ነው፤ ከዋጋው ላይ የአዲስ ቱርቦና የመግጠሚያ ወጪ ካልተቀነሰ አትግዙ።