ኒንቴንዶ ዊ፦ መቶ ሚሊዮን ቤት ገብቶ ጌም ያጣ ማሽን

አሜሪካ ያለችው አክስቴ ለአረፋ ደሴ ስትመጣ ልጆቿ የተውትን ኒንቴንዶ ዊ፣ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን፣ በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። ስድስት ወር ተጫውተንበታል። የሆነ ሰው «በርካሽ ልሽጥላችሁ» ቢላችሁ ምን እንደምትገዙ እወቁ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አደጋውን ልናገር። ከአሜሪካ የመጣ ዊ አዳፕተሩ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። ቀጥታ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት አለቀለት። እኔ ፒያሳ ወርጄ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቼ ነው ያስነሳሁት። ዲስክም ስትፈልጉ ተጠንቀቁ፣ የአሜሪካው ማሽን የአውሮፓ ዲስክ አያነብም።

ከዚያ በኋላ ግን፣ ወላሂ፣ እንዲህ ቤት የሚያስቅ ነገር አላየሁም። አብሮት የመጣው ዊ ስፖርትስ ነው፤ ቴኒስ፣ ቤዝቦል፣ ቦውሊንግ፣ ጎልፍና ቦክስ አለው። ጆይስቲኩን ይዘህ እጅህን ትወረውራለህ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውም ሰውዬ ይወረውራል፣ በቃ። እናቴ በሕይወቷ ጆይስቲክ ነክታ አታውቅም። መቀነቷን አጥብቃ ተነሳችና ጎረቤታችንን ሀጂን በቦውሊንግ ሦስቴ አከታትላ ረታቻቸው፣ እሳቸውም «በረካው ሳይቀዳ አንድ ልድገም» ብለው ሙጭጭ አሉ። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀመጠው ዘንግ ገመዱ ተበጠሰ። ዘንጉ ጆይስቲኩ የሚያየውን፣ ለኛ የማይታይ ብርሃን ከማብራት ሌላ ሥራ የለውም። በሱ ፈንታ ሁለት ሻማ ግራና ቀኝ አብርቼ ሞከርኩት፣ ሠራ! መብራት ሳይጠፋ ሻማ ያበራን የሰፈሩ ብቸኛ ቤተሰብ እኛ ሳንሆን አንቀርም።

ችግሩ የመጣው ቦውሊንጉ ሲሰለቸኝ ነው። ጌም ቤት ያለው ጓደኛዬ ጋ ወሰድኩት። «ጂቲኤ አለው?» የለውም። «ፊፋስ?» አለው፣ ግን ፕሌይስቴሽን ላይ የምታውቀው ፊፋ አይደለም፣ ለዊ ተብሎ ሌላ የተሠራ ነው። አንድ ሳምንት አስቀምጦ መለሰልኝ። «እኔ ቤት አራት ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። ይሄ ቆሞ እጅ የሚያወራጭ ይፈልጋል። ለሱ ብዬ ቤቴን እንደ አዲስ ላፍርስ?» አለኝ።

ከኒንቴንዶ ሌላ ያሉት ጌም ሠሪዎችም ያሉት ይህንኑ ነው እኮ። ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፣ በዘመኑ ከፕሌይስቴሽን 3ም ከኤክስቦክስ 360ም በልጦ። እንዲህ ያለ ገበያ ማን ይሸሻል ትላላችሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በ250 ዶላር ሲወጣ ሜሞሪው በድምሩ 88 ሜጋባይት ነበር፣ የሁለቱ ተፎካካሪዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 512። ምስሉም ከ480 መስመር አያልፍም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አንድ ጌም ሠርተው ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ይሸጡታል፣ ሁለት ባላ ትከል እንደሚባለው፣ አንዱ ቢነቀል በሌላው ይንጠለጠላሉ። ዊ ላይ ያ ጌም አይገባም። ከሥሩ ፈትቶ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ኮል ኦፍ ዱቲ 4 የሚባለው የጦርነት ጌም በ2007 ወጥቶ ዊ ላይ የደረሰው በ2009 ነው፣ እሱንም የሠራው ሌላ ቡድን ነው። ጂቲኤ 4 ጭራሽ አልመጣም። ጆይስቲኩም የራሱ ጣጣ አለው። ተቀጥላውን ጨምሮ በአውራ ጣት የሚዞረው ዱላ አንድ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ላይ ሁለት ነው፣ ስለዚህ በአንዱ ስትሄድ በሌላው ዞር ብለህ የምታይበት ጌም ሁሉ አጨዋወቱ እንደገና መታሰብ አለበት።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የማሽኑ ባለቤት ራሱ ኒንቴንዶ ነው። ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ቀረጥ የሚሰበስበው ሰውዬ ራሱ መግቢያው ላይ፣ እጥፍ ያማረ ሽንኩርት ዘርግቶ ሲሸጥ አስቡት። እዚያ ማን ሽንኩርት ይዞ ይሄዳል? ኒንቴንዶ ከሌላው ሰው ዲስክ ክፍያ ይቀበል ነበር፣ ራሱ ደግሞ ማሪዮ ካርት ዊ የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም ጌሙን ከ37 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። የቀሩት ገዢዎች እንደ እናቴ ናቸው። ቦውሊንጓን አግኝታለች፣ ሌላ ዲስክ ምን ያደርግላታል? ለሌላው ጌም ሠሪ መቶ ሚሊዮኑ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ቂሙም የቆየ ነው። በ1980ዎቹ ኒንቴንዶ አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ በዓመት ከአምስት ጌም በላይ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር። ከዚያ ኒንቴንዶ 64 በሚባለው የቀድሞ ማሽኑ ላይ በሲዲ ፈንታ ካርትሪጅ፣ ማለትም ጌሙ ያለባትን ተሰኪ ካሴት፣ አልለቅም አለ፣ ቢበዛ 64 ሜጋባይት የምትይዝ፤ ስኩዌር የሚባለው ጌም ሠሪ ፋይናል ፋንታሲ 7 የተባለ ጌሙን በሦስት ሲዲ ሞልቶ በ1997 ፕሌይስቴሽን ላይ አወጣው።

ሠሪዎቹም ንጹሕ አይደሉም፣ ይሄንን ሳልናገር አላልፍም። አክስቴ ካመጣቻቸው ዲስኮች ግማሾቹ በጥድፊያ የተለቀሙ ቅንጥብጣቢ ጨዋታዎች ናቸው፣ ቀሽም በቀሽም። እንዲህ ያለውን ሸጦ «የዊ ሰው ጌም አይገዛም» ማለት ትንሽ ያሳፍራል። እርግጥ ሴጋ በ2009 ያወጣው ማድወርልድ ተለፍቶበት ነበር፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ደሙ ብቻ ቀይ፣ እሱም ገበያ አልቀናውም። በዚያው ዓመት ግን ዩቢሶፍት ጀስት ዳንስን አውጥቶ በሚሊዮን ሸጠ። ጆይስቲኩን ይዘህ ትጨፍራለህ፣ ሌላ ምንም የለውም። እነሱ እናቴን አውቀዋታል።

እንግዲህ ልግዛ ወይስ አልግዛ ለምትሉኝ፦ ለፊፋና ለጂቲኤ ከሆነ ብራችሁን አታባክኑ። ኢንተርኔት ላይ አወርዳለሁም አትበሉ፣ የኦንላይን ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሱቁ በ2019 ተዘግቷል። ሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ በየጆይስቲኩ ይበላል፣ እሱንም ወጪ ቁጠሩት። ቤት ውስጥ እናት፣ ሕፃንና ሽማግሌ ካለ ግን፣ ዋጋው ካልተጋነነ፣ ዊ ስፖርትስ አብሮት መኖሩን አይታችሁና ፊታችሁ ዲስክ አስነብባችሁ ውሰዱት።

ባለ ጌም ቤቱ ጓደኛዬ አሁን እሁድ እሁድ ልጆቹን ይዞ እኛ ቤት ቦውሊንግ ይጫወታል። ሱቁ ግን አላስገባውም ብሏል።