ፔናንግ ላይ የመኖሪያ ፈቃዳችንን ላስጨረሱልን ወይዘሮ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ባለቤቴ፣ የባለቤቴ እናት እማማና እኔ ከሜሪላንድ ወደ ማሌዥያ ለመዛወር የሚያስፈልገንን የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ በዚህ ዓመት አግኝተናል። ይህ የሆነው በፔናንግ ደሴት በጆርጅ ታውን ከተማ በሚሠሩ አንዲት ፈቃድ ያላቸው ወኪል ትጋት ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብላቸውና ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ወገኖቼ ልጠቁማቸው ወደድሁ። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍሁት ራሳቸው ስለጠየቁኝ ነው፤ ምክንያታቸውን ወደ ታች እገልጻለሁ።

ስለ ማሌዥያ መጀመሪያ የሰማሁት እ.ኤ.አ. በ2019 ጡረታ ከወጣ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። አገሪቱ ከ2002 ጀምሮ «ማሌዥያ ማይ ሰከንድ ሆም» በሚል ስም የውጭ አገር ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የምታኖርበት ፕሮግራም እንዳላት፣ ዕድሜው 50 የሞላ ሰውም 150 ሺህ ሪንጊት (ሪንጊት የማሌዥያ ገንዘብ ነው) በባንክ አስቀምጦና የወር ገቢውን አሳይቶ ለአሥር ዓመት ፈቃድ ሊያገኝ እንደሚችል ነገረኝ። ልጃችን ትምህርቷን እስክትጨርስ ስንጠብቅ ፕሮግራሙ በ2020 ተቋረጠ፤ በ2021 ተመልሶ ሲከፈት ደግሞ ከአገሪቱ ውጭ የሚገኝ የ40 ሺህ ሪንጊት የወር ገቢና የአንድ ሚሊዮን ሪንጊት ተቀማጭ የሚጠይቅ ሆኖ መጣ። እኔ ለሠላሳ ዓመት ያህል ታክሲ የነዳሁ፣ ባለቤቴም በነርስነት ያገለገለች ሰዎች ነንና ይህ ከአቅማችን በላይ ስለነበረ ሐሳቡን ተውነው። በ2024 አጋማሽ ደንቡ እንደገና ተለውጦ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም በሚባሉ ደረጃዎች ሲከፈል ግን ተስፋችን ታደሰ። የሲልቨሩ ደረጃ የተወሰነ የወር ገቢ ሳይጠይቅ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ለሚያስቀምጥና ቤት ለሚገዛ ሰው የሚታደስ የአምስት ዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ የሜሪላንዱን ቤታችንን ሸጠን ልንደርስበት የምንችለው ነገር ሆነ።

ወይዘሮዋን ከማግኘታችን በፊት በኢንተርኔት ያገኘነውን አንድ ድርጅት አነጋግረን ነበር። ይህ ድርጅት ቀድሞ የቀረውን ደንብ እንደ ወቅታዊ ነገር ከማቅረቡም በላይ፣ ተቀማጩን ገንዘብ «ሥራው እንዲፋጠን» በማለት ወደ ራሱ ሒሳብ እንድናስገባ ጠየቀን። ባለቤቴ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳት አስታውሳለሁ፤ የዕድሜ ልክ ላባችን ነበርና። በማግስቱ ግንኙነቱን አቋረጥን። ስለዚህ ወደ ወይዘሮዋ የደወልነው እምነታችን ተሸርሽሮ ሳለ ነው።

እሳቸው ስለ ክፍያ አንዳች ነገር ሳይናገሩ በመጀመሪያ የማሌዥያ የቱሪዝም፣ የኪነ ጥበብና የባህል ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጣቸውን ወኪሎች ዝርዝር ከፍተን የመሥሪያ ቤታቸውን ስም እንድንፈልግ ነገሩን። ማመልከቻ የሚቀርበው በእነዚህ ወኪሎች በኩል እንደሆነ፣ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ለሌለ ሰው ሰነድም ገንዘብም ልንሰጥ እንደማይገባ አስረዱን። ተቀማጩ ገንዘብ በማሌዥያ ባንክ በራሳችን ስም በሚከፈት ሒሳብ ብቻ እንደሚገባ፣ ይህም መንግሥት ማመልከቻውን ተመልክቶ በቅድመ ሁኔታ መቀበሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጠ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት እንዳልሆነ ጨምረው ነገሩን። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየችኝ፤ የትናንቱ ጭንቀቷ ከፊቷ ሲነሣ አየሁ።

ቀጥለው የነገሩን ደግሞ ሥራውን ሊያሳጣቸው የሚችል ነገር ነበር። ይህ ፈቃድ ቋሚ ነዋሪነት እንዳልሆነና ወደ ዜግነት እንደማያደርስ፣ በሲልቨር ደረጃ ተቀጥሮ መሥራት እንደማይፈቀድ፣ የሚገዛው ቤት ዋጋ ከ600 ሺህ ሪንጊት ማነስ እንደሌለበትና ለአሥር ዓመት ሊሸጥ እንደማይችል በግልጽ አስቀመጡልን። 600 ሺህ ሪንጊት በወቅቱ ምንዛሬ ወደ 140 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ለውጭ አገር ገዢዎች የራሳቸውን ዝቅተኛ ዋጋ ስለሚወስኑ ከዚህ በላይ ሊሆን እንደሚችልም አስጠነቀቁን። «በስልሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ አሥር ዓመት የማይሸጥ ቤት መግዛት ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ መጥታችሁ ኑሩበትና ከዚያ ወስኑ» አሉኝ። በተጨማሪም ከቦርኔዮ ደሴት ክፍለ ግዛቶች አንዷ የሆነችው ሳራዋክ በ1963 ማሌዥያን ስትመሠርት የኢሚግሬሽን ሥልጣኗን ይዛ ስለቀረች ቤት መግዛትን የማያስገድድ የራሷ ፕሮግራም እንዳላት፣ እሳቸው ግን በዚያ እንደማይሠሩ ነግረውን ለማነጻጸር እንዲረዳን የሳራዋክን መስፈርት ልከውልናል። እሳቸው ከማይጠቀሙበት መንገድ ጋር እንድናነጻጽር ያደረጉን መሆናቸው ከሁሉ በላይ ልቤን ነካው።

በምክራቸው መሠረት በመስከረምና በጥቅምት ወር 2024 ሦስታችንም በጎብኚነት ሄድን፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የ90 ቀን ቆይታ ያለ ቪዛ ይፈቀዳል። ወሩን የመረጡልን እሳቸው ናቸው። ፔናንግ ዝናብ የሚበዛባት በዚያ ወቅት በመሆኑ፣ ከሱማትራ የሚነሣው የእሳት ጭስም ከዚያ በፊት ባሉት ወራት አንዳንድ ጊዜ ስለሚደርስ፣ «አገሪቱን በመልካም ወሯ ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ» ብለው ነበር። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ላደገ ሰው የዚያ ደሴት ሙቀትና ወበቅ ከባድ ነው፤ የእማማ ጉልበት ግን በሜሪላንድ ክረምት እንደሚያማቸው አላመማቸውም። ለእሳቸው ሲባል ብቻ እንኳ የሄድንበት ዋጋ ተከፍሏል እላለሁ።

እማማን በፈቃዱ ውስጥ ማካተት እንደሚቻልም የነገሩን ወይዘሮዋ ናቸው። የባል ወይም የሚስት ወላጆች በጥገኝነት ሊገቡ እንደሚችሉ እኛ አናውቅም ነበር፤ እማማን ለማን ትተን እንሄዳለን የሚለው ጥያቄ ለወራት ከአፋችን ያልወጣ ጭንቀት ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። የእኛ የኢትዮጵያውያን ሰነድ በየአገሩ የሚያስቸግረው በስም ምክንያት ነው። እኔ በአባቴ ስም፣ ባለቤቴ በአባቷ ስም፣ እማማም በአባታቸው ስም ስለምንጠራ፣ በፓስፖርታችን ላይ ሦስታችንም የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ያለን ሰዎች ሆነን እንታያለን። በአሜሪካ ይህን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ወረፋ እንደቆምንና ስንት ጊዜ ባልና ሚስት መሆናችን እንደተጠረጠረ የኖረበት ያውቀዋል። ወይዘሮዋ ግን ሰነዶቻችንን ገልጠው ሲያዩ ምንም አልጠየቁንም። የታሚል (የደቡብ ሕንድ ሕዝብ) ዝርያ ያላቸው ማሌዥያዊት ናቸውና በመታወቂያቸው ላይ በእሳቸውና በአባታቸው ስም መካከል «የእገሌ ልጅ» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት እንዳለ አሳዩን። የማሌ ብሔረሰብ ሰዎችም በተመሳሳይ ሁኔታ «ቢን» እና «ቢንቲ» እያሉ በአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ ቻይናውያኑ ደግሞ የቤተሰብ ስማቸውን ያስቀድማሉ። ማሌው፣ ቻይናዊውና ሕንዳዊው አብረው በሚኖሩባት አገር የእኛ ስም እንግዳ አልሆነም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስናስረዳ የኖርነውን ነገር ሳናስረዳ የተረዳን ሰው በማግኘታችን ባለቤቴ ዕንባዋ መጣ።

ሆኖም ነገሩን በመረዳት ብቻ አልተውትም። ባለሥልጣኑ ጥያቄ እንዳያነሣ በማለት የስም አሰጣጣችንን የሚያብራራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ራሳቸው አዘጋጅተው፣ የሦስታችን ዝምድና በየትኛው ሰነድ እንደሚረጋገጥ በቅደም ተከተል አሰፈሩ፦ ጋብቻችን በጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የእማማ እናትነት በባለቤቴ የልደት የምስክር ወረቀት። የእማማ ስም በ«ጸ» የሚጀምር በመሆኑ በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ፊደል ጽፎት ነበር፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሐላ አስቀድመው እንድናዘጋጅ አደረጉን።

የዘመን አቆጣጠሩም ጉዳይ ነበር። የተጋባነው በጥር 1984 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1992 ማለት ነው። የጋብቻ ወረቀታችንን ከብዙ ዓመት በፊት የተረጎመው ሰው ግን ዓመቱን ሳይለውጥ 1984 ብሎ ጽፎታል፤ እኛም ሳናስተውለው ኖረናል። ባለቤቴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የተወለደች ስለሆነች በዚያ ትርጉም መሠረት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ያገባች ትመስላለች። ወይዘሮዋ ይህን ያገኙት የልደት ዓመቷን ከጋብቻው ዓመት ቀንሰው ነው። በጣም በጥንቃቄና በትሕትና «ይህ ቀን ትክክል ነውን?» ብለው ጠየቁን፤ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ስንነግራቸውም የተረጋገጠ አዲስ ትርጉም ከሁለቱም ቀን ጋር እስኪመጣ ድረስ ማመልከቻውን አናስገባም አሉ። አምስት ሳምንት ዘገየን። ያ ስህተት ታልፎ ቢሆን ኖሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ በሚገኙባት በፑትራጃያ ከተማ ምን ይገጥመን እንደነበር ባሰብሁ ቁጥር መዘግየቱን አመሰግናለሁ። ወገኖቼ ሆይ፣ ከአገር ቤት ያመጣችሁትን እያንዳንዱን የተተረጎመ ሰነድ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ዓመተ ምሕረቱን አረጋግጡ።

ማመልከቻው ከገባ ከአራት ወር በኋላ የቅድመ ሁኔታ ደብዳቤው ደረሰን። ሒሳቡን ስንከፍት ወይዘሮዋ ባንኩ ድረስ አብረውን ሄዱ፤ የባንኩ ሠራተኛ ሰነዱን ስታነብልን ግን ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ የገንዘባችንን ነገር ማየት እንደማይፈልጉ ገብቶኛል። ከተቀማጩ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ለቤት መግዣና ለሕክምና ሊወጣ እንደሚችልም አስረድተውናል። የጤና ምርመራውና ኢንሹራንሱ በቀላሉ ተፈጸሙ። ፈቃዱ በፓስፖርታችን ላይ የሚለጠፍበት ቀን ከፔናንግ ወደ ፑትራጃያ ስንሄድ ለእማማ ተሽከርካሪ ወንበር ቀደም ብለው ጠይቀው አዘጋጅተው ነበር። እማማን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠሯቸው «አማ» እያሉ ነው፤ በታሚል «እናቴ» ማለት ሲሆን፣ እማማ የራሳችንን ቃል በጥቂቱ ያሳጠሩት መስሏቸው ደስ ይላቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለብዙዎቻችሁ ከደንቡ ይልቅ ይህ ይጠቅማችሁ ይሆናል። እማማ ጾም አያጓድሉም። ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ የሕንዶቹ የአትክልት ምግብ ቤቶች ሥጋ ባይኖራቸውም ቅቤና ወተት እንደሚጠቀሙ ነገሩን፤ በአካባቢያችን ያለ ቅቤ የሚሠራልንን ቤት አብረውን ዞረው አገኙልን። ይህ በውላችን ውስጥ የለም።

የሚታወቅባቸው ጉድለት ካለ በስልክ በቶሎ አለመገኘታቸው ነው። በጽሑፍ ለተላከ ጥያቄ በማግስቱ በዝርዝር ይመልሳሉ፤ በእሑድ ግን አይሠሩም። ክፍያቸው ካነጻጸርናቸው ወኪሎች ዝቅተኛው አይደለም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ከሰጡን አንዲት ሪንጊት አልጨመረም፣ የመጨረሻውንም ክፍል የተቀበሉት ፈቃዱ እጃችን ከገባ በኋላ ነው። ቁጥራቸውን በይፋ እንዳላወጣ የጠየቁኝ በአንድ ጊዜ ከጥቂት ቤተሰብ በላይ ስለማይቀበሉ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የሁሉንም ሰው ዕድሜ፣ የምታስገቡትን ጥገኛና በእጃችሁ ያለውን የሰነድ ዓይነት ብትገልጹልኝ በቀጥታ አስተላልፍላችኋለሁ። እኛ በአሁኑ ጊዜ ቤት እያፈላለግን ነው፤ በዚህም ቢሆን ከአንድም ሻጭ ጋር ሊያገናኙን አልፈለጉም፤ የራሳችንን ጠበቃ እንድንይዝ መክረውናል።

ወይዘሮዋ አማርኛ አያነቡም፤ ይህን ልጄ ተርጉማ ትልክላቸዋለች። እማማ የራሳቸውን ቃል ካላስገባሁ እንዳላወጣው ስላዘዙኝ እንደተናገሩት አስፍሬዋለሁ፦ «ልጄ፣ እጅሽ አይዛል። ለሰው ቤት እንደደከምሽ የራስሽ ቤት ይሙላልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።»