ጋሼ «ነይ»ን አመስግኑልኝ

ሰላም ጎረቤቶቼ፣ ሰላም ውሻ አሳዳጊዎች። ከብሎካችን አራተኛ ፎቅ ላይ ለወራት በጩኸት ስታደነቁራችሁ የከረመችው ሚጥሚጣ የእኛ ናት። ይቅርታዬን አስቀድሜ፣ እሷን ላሠለጠኑልን ለጋሼ «ነይ» ያለብኝን ምስጋና ልወጣ።

ሚጥሚጣ ጃክ ረስል ቴሪየር የሚባል ዘር ውሻ ናት። የባለቤቴ ባልደረባ የነበሩ ፈረንጅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ7 ወሯ አስረክበውን ሄዱ። ክብደቷ 6 ኪሎ አይሞላም፤ «ትንሽ ናት፣ ለኮንዶሚኒየም ትሆናለች» ብለን ተቀበልን። ስሙን ያወጡላት አማቴ ናቸው፣ በመጣች በሦስተኛው ቀን።

ጫማውን፣ የሶፋውን ጥግ፣ የልጄን ደብተር ቻልነው። የፋሲካ ዕለት ግን ጉድ ፈላ። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አማቴ የተቆላውን ቡና ለእንግዳ እያሸተቱ ሳለ ከመኝታ ቤት አምልጣ መጣች። ቄጠማውን ወደ ኋላ እየበተነች መቆፈር ጀመረች፤ ከሥሩ ሴራሚክ መሆኑ ግድም አልሰጣት። ረከቦቱ ተገለበጠ፣ አራት ሲኒ አለቀ፣ ጀበናው አንገቱ ተሰበረ። አማቴ ነጠላቸውን አራገፉና «ወይ እሷ ወይ እኔ» አሉ።

ከዚያ ቀደም አንድ አሠልጣኝ ነኝ ባይ ለ3 ሳምንት ወስዷት ነበር። ስትመለስ ጭጭ ብላለች፣ ደስ አለን። ግን መጥረጊያ ባነሳሁ ቁጥር አልጋ ሥር ገብታ ሽንቷን ትለቃለች። ሳምንት ሳይሞላ ጩኸቱ ተመለሰ፤ ፍርሃቱ ግን አብሯት ቀረ።

ጋሼን የጠቆመን የክትባት ሐኪሟ ነው። በፊት በፖሊስነት ውሻ ይዘው የሠሩ ሰው ናቸው ሲባል ዱላና ሰንሰለት ጠብቄ ነበር። ይዘው የመጡት በፌስታል የተቋጠረ የተቀቀለ ጉበት ብቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለው እኛን አዩን። ከዚያ «ይቺን ልጅ በስንት ቋንቋ ነው የምትጠሯት?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ባለቤቴ «ነይ» ይላል፣ ልጆቹ «ካም ሂር»፣ አማቴ «አንቺ ጉደኛ»። ሦስት ቃል ጽፈው ፍሪጁ ላይ ለጠፉ፦ ነይ፣ ተቀመጪ፣ ተይ። «ነይ» የሚባለው አንዴ ብቻ ነው። ጠርቶ መቆጣት ክልክል፤ ስትመጣ ጉበት ወይም ሙገሳ ካላገኘች ለምን ትመጣለች? ልጆቹ «ጋሼ ነይ» የሚል ስም ያወጡላቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ስለ ዘሯም የነገሩን እሳቸው ናቸው። የዘሯ ስም የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን በሚባል ቦታ ከኖረ ጆን ረስል ከሚባል አደን ወዳድ ቄስ ነው። የነዚህ ውሾች ሥራ ቀበሮ ተከትሎ ጉድጓድ መግባትና አዳኞቹ እስኪደርሱ እዚያው ሆኖ መጮህ ነበር። «መቆፈርና መጮህ እንጀራዋ ነው፤ እንጀራዋን ከለከላችኋት፣ ሶፋችሁን በላች» አሉን። አማቴ ከዚህ ሁሉ የያዙት አንዱን ብቻ ነው፦ «የቄስ ውሻ ናት በሉኛ!»

ባለቤቴ ሊያደክማት ብሎ ጠዋት ጠዋት ሜዳ ሲያስሮጣት ነበር። ቦርጩን አጠፋ እንጂ እሷ ጭራሽ ጉልበት ጨመረች። ጋሼ የደረቀውን ቄጠማ እንዳንጥል ነገሩን፤ አሮጌ ሳፋ ውስጥ ሞልተን፣ በመሃሉ የጉበት ቁራጭ እየደበቅን «ፈልጊ» እንላታለን። ሩብ ሰዓት ያህል በአፍንጫዋ ስትሠራ ቆይታ ተዘርግታ ትተኛለች። ያን የመሰለ ዝምታ ቤታችን ውስጥ ሰምተን አናውቅም ነበር።

የቆራሌው ጉዳይ ነው ያስገረመኝ። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ከታች ሲሰማ መስኮቱ ላይ ዘልላ ግማሽ ሰዓት ትጮህ ነበር። ጋሼ ትልቁን ልጄን ቆራሌው አደረጉት። መጀመሪያ ምድር ቤት ቆሞ በሹክሹክታ፣ በማግስቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በየቀኑ አንድ ፎቅ እየወጣ። እሱ በጠራ ቁጥር እኛ ገና አፏን ሳትከፍት ቁራጭ ጉበት። ከጮኸች ልጁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ድምፁንም ይቀንሳል። አሁን እውነተኛው ቆራሌው ሲያልፍ ዞር ብላ የምታየው የኔን ኪስ ነው። (ልጄ ግን ሥራውን ወዶታል፤ ይህን ለአባቱ ትቼዋለሁ።)

ምግቧንም አስተካከሉልን። የዶሮ ወጥ ፍርፋሪ እንሰጣት ነበር፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ እንደሆነ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት እንደሚወጋ አላውቅም ነበር። በሁዳዴማ እኛ ስንጾም እሷም ሽሮ ላይ ነበረች። አሁን ከሉካንዳ የምንገዛላትን ሳንባና ጉበት ያለ ጨው በደንብ እንቀቅላለን። ጥሬ በፍጹም፤ በጥሬው ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻዋ አልፎ ልጆቻችን ጋ ይደርሳል።

የመጡት ለ8 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ቀን ነው። ፍጹም ሰው ናቸው አልልም፤ ስልክ አያነሱም፣ ባለቤቴንም በልጆቹ ፊት «አንተ ነህ የምታስቸግረው» ብለውታል። (ልክ ነበሩ።) ዋጋቸውን ራሳቸው ይንገሯችሁ፤ እኛ የከፈልነው ሶፋውን ካለበስንበት ያንሳል። «ክፉ አድርጉልኝ፣ ሰው እንዲነክስልኝ» ለሚል ሰው ግን አይሠሩም፣ ደጋግማችሁ አትለምኗቸው።

ባለፈው ገና ቄጠማ ጎዝጉዘን ቡና አፈላን። ሚጥሚጣ ሳፋዋን ይዛ በረንዳ ላይ ነበረች፣ አማቴ ደግሞ ማንም የማያያቸው መስሏቸው በሩን ገርበብ አድርገው ቁርጥራጭ ይወረውሩላት ነበር።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ከመደወል ይልቅ መልእክት ላኩላቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱንም አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፣ ከሌላችሁ ከበር ይመለሳሉ።