ለባለሁለት ምት ሞተር ሳይክል የገዛኋት የዘይት መለኪያ ኩባያ

የምኖረው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ሲሆን፣ በጋ በገባ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ያማሃ ዋይዜድ 125 ሞተር ሳይክሌን ጭኜ ሴዳሊያ አጠገብ ወዳለው የራምፓርት ሬንጅ የጫካ መንገድ እወጣለሁ። ይህች ሞተር በተለምዶ ቱ ስትሮክ የምንለው ዓይነት፣ ማለትም ባለሁለት ምት ናት። ማርሿ የራሱ ዘይት ቢኖረውም፣ በሞተሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች (ኮሎው፣ ቢዬላው፣ ኩሽኔታዎቹና ፒስተኑ) የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ዘይት ያልገባበት ቤንዚን በስሕተት ከተቀዳላት ብዙም ሳትርቅ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ግሪፕ ታደርጋለች፤ ማለትም ተጣብቃ ትቆማለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ የገዛኋት መለኪያ ክዳን ያላት፣ በውስጧ ያለው የሚታይባት የፕላስቲክ ኩባያ ናት፤ ዋጋዋም ከአንድ ሊትር ጥሩ ሲንተቲክ ዘይት ያነሰ ነው። በጎኗ ላይ 20፣ 32፣ 40 እና 50 የሚሉ ዓምዶች የታተሙባት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሥር የቤንዚኑ መጠን በጋሎን ተጽፏል። ለ2 ጋሎን ቤንዚን 32 ለ1 (ለ32 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት) የሚፈልግ ሰው በ32 ዓምድ ሥር 2 የምትለው መስመር ድረስ ዘይት ይቀዳል፤ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም።

የመጀመሪያ ቅሬታዬ እዚሁ ላይ ነው። ያማሃ ለዚህ ሞተር የሚያዘው 30 ለ1 ሆኖ ሳለ ኩባያዋ 30 የሚል ዓምድ የላትም። አሜሪካኖች 32ን የሚወዱት ለስሌት ስለሚቀላቸው ይመስለኛል፤ አንድ ጋሎናቸው 128 አውንስ ነውና ለ32 ሲካፈል ልክ 4 ይወጣል። እኔ ግን በመመሪያው መሄድን ስለመረጥሁ 7.57 ሊትሩን (ሁለቱን ጋሎን ማለት ነው) ለ30 አካፍዬ 252 ሚሊ ሊትር አገኘሁና ቦታውን በቢላዋ ጫፍ ጭሬ ምልክት አደረግሁበት። ይህ ጭረት በኋላ በጣም ጠቅሞኛል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው በጋ ሳያልቅ ቤንዚኑ የታተሙትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አጥቦ ወሰዳቸው። ቤንዚን ለሚነካው ዕቃ ቤንዚን የሚያጥበው ቀለም መጠቀም ለእኔ ይቅር የማይባል ስንፍና ነው።

አጠቃቀሟ ግን አያስቸግርም። ጄሪካኑ ውስጥ በመጀመሪያ አንድ ጋሎን ቤንዚን እቀዳለሁ፤ ኩባያዋን በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከመስመሩ ጋር እኩል በማድረግ ዘይቱን እለካለሁ። ወደ ጄሪካኑ ከገለበጥኋት በኋላ በውስጧ ተለጥፎ የሚቀረው ዘይት ቀላል ስላልሆነ፣ ጥቂት ቤንዚን ጨምሬ ክዳኗን ገጥሜ በመናጥ ያንንም ወደ ጄሪካኑ እመልሳለሁ። ክዳኗ ጠብታ አያስመልጥም፤ በዚህ በኩል ሠሪዎቿን አመሰግናለሁ። ከዚያ የቀረውን ጋሎን ጨምሬ ጄሪካኑን በደንብ እንጠዋለሁ፤ የተቀላቀለበትን ቀንና መጠኑንም በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፌ እለጥፍበታለሁ። የምጠቀምበት ዘይት ቀለም ስላለው የተቀላቀለውን ካልተቀላቀለው በዓይን መለየት ይቻላል፤ የጋራዡ መብራት ሲደክም ግን ከቀለሙ ይልቅ ጽሑፉን አምናለሁ።

ኩባያዋን ከመግዛቴ በፊት በውኃ ፕላስቲክ በግምት እየለካሁ እቀላቅል ነበር። ካንዴላዋ እየጠቆረ አላስነሳ ይል፣ ከማርሚታዋም ጥቁር ዘይት ይንጠባጠብ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በዘይቱ ብዛት ላይ ጣልሁት። በትክክል መለካት ከጀመርሁ በኋላም ጠብታው አልቆመም። መንገዱ በአብዛኛው አዲስ አበባን በሚያህል ወይም በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነው የካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ፣ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ያበዛል። ዘይቱን መቀነስ ችግሩን ጭራሽ ያባብሰዋል፤ በዚያችው ቀዳዳ ውስጥ የዘይቱን ቦታ ቤንዚን ይይዘዋልና። መፍትሔ የሆነኝ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጄት ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ኩባያዋ የዘይቱን መጠን ከጥርጣሬ ስላወጣችልኝ ነው፤ እስካሁን የሰጠችኝ ትልቁ ጥቅምም እሱ ነው።

ስለ ዘይቱ ብዙ አልልም። ጃሶ ኤፍዲ የሚል የጃፓን የባለሁለት ምት ዘይት ደረጃ የተጻፈበትን እገዛለሁ፤ ቲሲ ደብሊው 3 የሚለው ለጀልባ ሞተር የተዘጋጀ ስለሆነ ርካሽ ቢሆንም አልነካውም።

ኩባያዋ ለሁሉም ባለሁለት ምት ሞተር ባለቤት አታስፈልግም። አገር ቤት የማውቃት ያማሃ ዲቲ 125 ባለሁለት ምት ብትሆንም ዘይቷን ከተለየ ጋን በፓምፕ እየሳበች ራሷ ታቀላቅል ነበር፤ ያማሃ ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከእ.ኤ.አ. 2018 ሞዴል ጀምሮ የወጡት የኬቲኤም ቲፒአይ (በካርቡራቶር ፋንታ ቤንዚን የሚረጭላቸው) ሞተሮችም እንዲሁ ራሳቸው ያቀላቅላሉ። የቀድሞዎቹ ባለካርቡራቶር 300 ሲሲዎች ግን 60 ለ1 ስለሚጠይቁ ባለቤቶቻቸው በእኔዋ ዓይነት ኩባያ ላይ የሚፈልጉትን ዓምድ አያገኙም።

የእኔዋ ኩባያ አሁን ከቢላዋው ጭረት በቀር ምንም አይነበብባትም፤ እኔም ከዚያ ሌላ መስመር አያስፈልገኝምና እየሠራሁባት ነው። ሌላ የምገዛ ከሆነ ቁጥሮቹ በፕላስቲኩ ላይ ጎልተው የተቀረጹባትን እመርጣለሁ።