ባትሪ ወይስ ሃይድሮጅን? ለአጭር በረራ አውሮፕላን ለሚመርጡ የቀረበ ንጽጽር

ያለ መደበኛ ነዳጅ የሚበር አውሮፕላን ለመግዛት የሚያስብ የበረራ ትምህርት ቤት ወይም የአጭር መስመር አገልግሎት ሰጪ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው፣ አውሮፕላኑ በአንድ በረራ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል የሚለውን ነው።

ባትሪን በተመለከተ ለገበያ የቀረበ ምርት አለ። የስሎቬኒያው ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ከአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ የምስክር ወረቀት ሲያገኝ፣ በኤሌክትሪክ ብቻ ከሚበሩ አውሮፕላኖች የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ሰው የሚይዘው ይህ አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው ከመጠባበቂያው ውጭ ቢበዛ 50 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ በአየር ማረፊያ ዙሪያ መነሣትንና ማረፍን ለሚለማመድ ተማሪ ይበቃል፤ ከተማ ለመቀየር ግን አይበቃም። ባትሪ ቢጨመርበትስ የሚል ይኖራል። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ሲይዝ፣ አንድ ኪሎ ጥሩ ባትሪ የሚይዘው ሩብ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ ነዳጅ እየተቃጠለ አውሮፕላኑን ሲያቀልለት፣ ባትሪ ሲነሣ የነበረውን ክብደት እስከሚያርፍ ድረስ ይዞ ይቆያል።

ሃይድሮጅን በክብደት ረገድ ተወዳዳሪ የለውም፤ አንድ ኪሎው 33 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ችግሩ ቦታ ነው። ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀዝቀዝ አለበት፤ ያኔም ቢሆን ለእኩል ኃይል ከነዳጅ አራት እጥፍ ያህል ቦታ ይፈልጋል። ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው ወፍራም ጋን በክንፍ ውስጥ ስለማይገባ የመንገደኛውን ወይም የጭነቱን ቦታ ይሻማል። ዜሮአቪያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በእንግሊዝ አገር ከዶርኒየር 228 አውሮፕላን ሁለት ሞተሮች አንዱን በሃይድሮጅን ፊውል ሴል (ሃይድሮጅንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ መሣሪያ) አንቀሳቅሶ አብርሯል፤ የጀርመኑ ኤችቱፍላይ ደግሞ በዚያው ዓመት በፈሳሽ ሃይድሮጅን ከሦስት ሰዓት በላይ በርሯል። ሁለቱም ሙከራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2035 የሃይድሮጅን አውሮፕላን ለገበያ አቀርባለሁ ያለው ኤርባስም በ2025 ቀጠሮውን አራዝሟል፤ ስለዚህ ዛሬ ውል የሚፈርም ገዢ የሚረከበው ተስፋ ነው።

የኃይል ወጪው ሲሰላ ባትሪ ይመረጣል። ከውኃ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ፣ ወደ ፈሳሽ ለመለወጥ ደግሞ ከ10 በላይ የሚጠፋ ሲሆን፣ ፊውል ሴሉ ለሞተሩ የሚመልሰው 16 ገደማ ነው። ባትሪ የሚያባክነው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ኤሌክትሪኳ በአብዛኛው ከውኃ በሚመነጭባት ኢትዮጵያም ቢሆን ይህ ልዩነት አይጠፋም። የአዲስ አበባን ከፍታ ለሚያስቡ ግን አንድ መልካም ነገር አለ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ በስስ አየር ጉልበቱ አይቀንስም፣ ፊውል ሴል ግን አየር የሚያምቅለት መጭመቂያ ያስፈልገዋል።

በእኔ ግምት ለመነሻ ሥልጠና ባትሪ መግዛት ያዋጣል፤ ገዢው ግን የመለወጫ ባትሪው ዋጋና የሚቆይበት የቻርጅ ብዛት በውሉ እንዲጻፍ ይጠይቅ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ላለው፣ ከ300 ኪሎ ሜትር ለሚበልጥ መስመር ወደፊት የሚሻለው ሃይድሮጅን ይመስለኛል፤ ሻጩ የምስክር ወረቀቱን፣ አየር ማረፊያውም የማከማቻ ጋኑን እስኪያሳዩ ድረስ ግን ቅድመ ክፍያ መክፈል አይገባም።