የአኒሜ ኮስፕሌይ ልብስ፦ ይሰፋ ወይስ ይገዛ?

ኮስፕሌይ ማለት የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ወይም የሌላ ታሪክ ገጸ ባሕርይን መስሎ መልበስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ የሳይንስ ልብወለድ አድናቂው ፎረስት አከርማን የመጪውን ዘመን ሰው የሚያስመስል ካባ ለብሶ ብቅ አለ። ካባውን የሰፋችው ግን አብራው የተገኘችው ማይርትል ዳግላስ ናት፤ የእሷንም ልብስ የሠራችው ራሷ ነች። ዛሬ በየኮንቬንሽኑ፣ ማለትም በየአድናቂዎቹ ጉባኤ፣ «የገዛ ሰው ኮስፕሌየር ይባላል ወይ?» እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። ከሁለቱ ፋና ወጊዎች አንዷ ሰፊ፣ ሌላው ለባሽ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የክብሩን ነገር ትቼ ገንዘብን፣ ጊዜን፣ ልክንና መልክን ላወዳድር። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ከስፌት የሆነውን ገዝታችሁ አስተካክሉት፤ ከፎም (ከስፖንጅ መሰል ሰሌዳ) የሆነውን ራሳችሁ ሥሩት፤ ዊጉን ደግሞ ገዝታችሁ በእጃችሁ ቅረጹት። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱንም እግረ መንገዴን አነሣለሁ።

ሂሳቡ

«ራሴ ብሰፋው ይረክሳል» የሚለው ግምት ብዙ ሰው አሳስቷል። የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ካሰብን እውነት ይመስላል። ገበሩ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ፣ ጥብጣቡ፣ ኮሌታውን ቀጥ የሚያደርገው ማጠንከሪያ ሲደመርበት ግን ነገሩ ይቀየራል። ጥሩ መቀስና የስፌት መኪና ከሌላችሁማ የመጀመሪያው ልብስ ከተገዛው በላይ ቢያስወጣችሁ አይግረማችሁ። በዚያ ላይ የሚበላሽ ጨርቅ አለ፤ እኔ ሁለቱንም እጅጌ ለግራ እጅ የቆረጥኩበት ቀን አለ። ወጪው የሚወርደው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ልብስ በኋላ ነው፤ ያኔ መሣሪያው አለ፣ ቁርጥራጩ አለ፣ እጅም ይፈታል። በዓመት አንዴ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ለሚለብስ ሰው መግዛት ያዋጣል።

የተገዛውም ቢሆን በተለጠፈበት ዋጋ አያልቅም። ማጓጓዣ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስጠበብ ወይም ማሳጠር አለ። ዊጉና ጫማው በሻጩ ፎቶ ላይ ስለታዩ ብቻ አብረው ይመጣሉ ማለት አይደለም። የሚላከው ምን ምን እንደሆነ የሚዘረዝረውን መስመር ሳታነቡ አትክፈሉ።

ጊዜ

የሚሸጡ ልብሶች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ተሰፍተው መጋዘን የተቀመጡና ትእዛዝ ሲገባ የሚሰፉ። ብዙ የማይፈለግ ገጸ ባሕርይ ከመረጣችሁ ሁለተኛው ይደርሳችኋል። ስፌቱ ሳምንታት ይወስዳል፣ መንገዱ ተጨማሪ ሳምንታት፣ ጉምሩክ ከያዘው ደግሞ ተስፋ ማድረግ ብቻ ነው። እኔ ከኮንቬንሽኑ 3 ወር ቀድሜ አዛለሁ፤ ከዚህም የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለማስተካከያ እተዋለሁ።

ቤት ውስጥ ሲሰፋ፣ ልቅ የሆነ ካባ ወይም ኪሞኖ መሰል መደረቢያ ጀማሪም ቢሆን በሁለት ቅዳሜና እሁድ ይጨርሰዋል። ኮሌታ፣ ገበርና የተሰፋ ኪስ ያለው የወታደር ጃኬት ሌላ ዓለም ነው። ለእሱ ወር ያዙ፤ ከዚያም በላይ ቢወስድ አትደንግጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ዋዜማ ሌሊት ዚፕ ለሚተክል ኮስፕሌየር የተነገረ ነው የሚመስለኝ።

ልክ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የአኒሜ ልብስ በምሥራቅ እስያ የልክ ሰንጠረዥ ስለሚሰፋ «መካከለኛ» የተባለው ሌላ ቦታ «ትንሽ» ከሚባለው ጋር ሊገጥም ይችላል። ፊደሉን እርሱትና ሴንቲሜትሩን ተመልከቱ። ደረትን፣ ወገብን፣ ዳሌን፣ የትከሻ ስፋትን፣ የእጅጌ ርዝመትን በሜትር ለኩ፤ ብቻችሁን ከምትለኩ ሌላ ሰው ቢለካችሁ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጎንበስ ሲሉ ልኩ ይዛባል። ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለ ሰውነት ልክ ይሁን ስለ ልብሱ ልክ ለዩ። የልብሱ ደረት ከእናንተ ደረት ጋር እኩል ከሆነ እጃችሁን አታነሡበትም።

የመጀመሪያው የገዛሁት ጃኬት ሲደርስ ትከሻው ጠበበኝ። ላሰፋው ብዬ ውስጡን ብገለብጠው ከስፌቱ ውጭ የቀረው ጨርቅ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር። ጨርቅ ለመቆጠብ ከጠርዙ ሥር ቆርጠውታል። ከዚያ ወዲህ በሁለት ቁጥር መካከል ስዋልል ሁልጊዜ ትልቁን አዛለሁ፤ ሰፊውን ማጥበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ ጠባቡን ማስፋት ግን ጨርቁ ከሌለ አይቻልም። በራስ ልክ የሚሰፉ ሻጮችም አሉ። ትንሽ ያስጨምራሉ፤ ቁመተ ረጅም ወይም ሰፋ ያለ ሰውነት ላለው ሰው ግን ጭማሪው ይገባዋል።

በቤት ስፌት ብልጫው የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ በርካሽ ጨርቅ፣ አሮጌ አንሶላም ቢሆን፣ ቅዱን ሰፍታችሁ ትሞክራላችሁ፤ ተቀመጡበት፣ እጃችሁን ዘርጉበት፣ ከዚያ ነው ወደ ዋናው ጨርቅ መቀስ የሚነሣው። የተደበቀ ኪስም ትጨምራላችሁ። ስልክ የሚያስቀምጡበት ያጣ ሰው ብቻ ነው የዚህ ኪስ ጥቅም የሚገባው።

ጨርቅና ቀለም

አኒሜ ሲሣል ቀለሙ ጥላ ቢኖረውም አይብለጨለጭም። ርካሽ የተገዛ ልብስን ከሩቅ የሚያሳብቅበት የፖሊስተር ሳቲን ነጸብራቅ ነው፤ ፍላሽ ሲበራ ቀዩ ጃኬት ነጭ ይመታል። ጋባርዲን ወይም ወፈር ያለ የጥጥ ጨርቅ ያለው ልብስ ሲገኝ ዋጋው ቢጨምርም እሱን ምረጡ። ጌጦቹንም ተመልከቱ፦ የወርቅ ጥልፉ ተጠልፏል ወይስ ታትሟል? የታተመ ቁልፍና የታተመ ጥልፍ ፎቶ ላይ ሕይወት የላቸውም። መፍትሔ ግን አለው፤ በላዩ እውነተኛ ጥብጣብ ሰፍቶ እውነተኛ ቁልፍ መትከል የልብሱን ደረጃ በአንድ ከሰዓት ያሳድገዋል።

የፖሊስተር ልብስ ተጨማድዶ ይደርሳችኋል። ካውያውን አሙቃችሁ አትጫኑበት፣ ይቀልጣል ወይም ያብለጨልጫል፤ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ በላዩ የጥጥ ጨርቅ አድርጋችሁ ተኩሱት።

አንድ ዓይነት ልብስ ግን መግዛቱን እመክራለሁ፦ ዳማ ወይም ሌላ ተደጋጋሚ ሥዕል ያለበትን። አረንጓዴና ጥቁር ዳማ ያለውን መደረቢያ የሰፋሁ ጊዜ ከጀርባው መሐል ያለው ስፌት ላይ ሳጥኖቹ ሁለት ሴንቲሜትር ተፋልሰው ቀሩ። ፎቶዎቹን ሳይ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው። ታትሞ የሚመጣው በዚህ ይበልጠኛል። ፕሊሲ የበዛበት የተማሪ ጉርድም እንዲሁ ነው፤ በፋብሪካ የተተኮሰ ፕሊሲ በቤት ካውያ ከተሠራው የበለጠ ይቆያል።

ዊግ

ዊግ ከባዶ መሥራት ለጀማሪ አይመከርም፤ ግዙ። ጥያቄው ምን ዓይነት የሚለው ነው። ሙቀት የሚችል ሰው ሠራሽ ፀጉር ካልሆነ ፀጉር መተኮሻ ሲነካው ይጨማደዳል። ይችላል ቢባልም ከኋላ ከተደበቀው ቦታ አንዲት ዘለላ ላይ ዝቅተኛውን ሙቀት ሞክሩ። ሽቅብ የቆመ ፀጉር ላለው ገጸ ባሕርይ መረቡ እንዳይታይ ጥቅጥቅ ያለ ዊግ ያስፈልጋል፤ በፎቶው ላይ ለምለም የሚመስለው በከረጢት ሲመጣ ሳስቶ ይገኛል። «ተቀርጾ የተዘጋጀ» ተብሎ የሚሸጠውን እኔ አልገዛም፣ በመንገድ ተደፍጥጦ ስለሚደርስ ዞሮ ዞሮ ሥራው ለገዢው ይቀራል። ብልጭታው ከበዛ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነስንሳችሁ አበጥሩት።

ጥሩርና ጎራዴ

እዚህ ሚዛኑ ይገለበጣል። ጥሩር በሰውነት ላይ ካልገጠመ ሳጥን የተሸከሙ ያስመስላል፤ ትልቅ በመሆኑም ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ኢቫ ፎም ደግሞ ለእጅ የዋህ ነው። 10 ሚሊሜትሩ ለደረትና ለትከሻ፣ 5 ሚሊሜትሩ ለክንድ፣ 2 ሚሊሜትሩ ለጌጥ ይሆናል። በስለታም ምላጭ ይቆረጣል፣ በሙቅ አየር ሲሞቅ ይታጠፋል፣ ፊቱም ይደፈናል፤ ሁለቱ ጠርዞች ማስቲሽ ተቀብተው እስኪደርቁ ተጠብቆ ሲገናኙ አይላቀቁም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት መሸፈኛ ቀቡት፣ አለዚያ ፎሙ ቀለሙን ይጠጣዋል። ይህን ሥራ መስኮት በተከፈተበት ቦታ ሥሩ፤ ስትሞርዱትም ሆነ ማስቲሽ ስትቀቡ ለሥራው የሚሆን የመተንፈሻ ጭንብል አድርጉ። የማስቲሽ ሽታ ቀልድ አይደለም።

በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (በ3ዲ ፕሪንተር) የወጣ የራስ ቁር ወይም ጎራዴ የሚገዛ ሰው ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ። ብዙ የሚሠራበት ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ተትቶ የተጣመመ ሰይፍ አይቻለሁ። የብረት ስለት ያለውን ደግሞ ከናካቴው አትግዙ፣ ብዙ ኮንቬንሽኖች በር ላይ ይይዙታል።

ፎቶውን ማንበብ

የሻጩ ገጽ ላይ ያለው ሥዕሉ ብቻ ከሆነ ልብሱ ገና አልተሰፋ ይሆናል። ባለሙያ ያነሣው ፎቶ ሲሆንም ሌላ ኮስፕሌየር ራሷ የሰፋችው ልብስ ሊሆን ይችላል። የገዢዎችን ፎቶ ፈልጉ፤ ከሌለ ሻጩን የውስጥ ስፌቱን ፎቶ ላክልኝ በሉት። ጠርዙ እንዳይተረተር ኦቨርሎክ ተመትቶ ከታየ ጥሩ ምልክት ነው። መልስ የማይሰጥ ሻጭ ከተከፈለው በኋላ ይባስ ዝም ይላል።

ያገለገለ መግዛትም አንድ አማራጭ ነው፤ ኮሌታው ላይ ሜካፕ፣ ብብቱ ላይ ላብ እንዳለ ጠይቁ። ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀላል ጃኬት የሚያስፈልገው ገጸ ባሕርይ ከሆነማ መደበኛው የልብስ ገበያ ከኮስፕሌይ ሻጭ የተሻለ ጨርቅ ይሰጣችኋል።

ውድድር ለሚያስቡ

የእጅ ሥራ በሚዳኝበት ውድድር የተገዛ ልብስ ነጥብ አያስገኝም፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አያስገባም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓኗ ናጎያ የሚካሄደው የዓለም ኮስፕሌይ ሰሚት ተወዳዳሪዎች ልብሳቸውን ራሳቸው እንዲሠሩ ይጠይቃል። የምትገቡበትን ውድድር ደንብ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። ስትሠሩም በየደረጃው ፎቶ አንሡ፤ ዳኞች «ይህን እንዴት ገጠምሽው?» ብለው ሲጠይቁ ከቃል ይልቅ ፎቶው ይመልሳል።

ጫማው

ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙዎች ስለሚረሱት ነው። ከልብሱ ጋር የሚሸጠው ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ሶሉ ቀጭንና ደረቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ የሚቆም ሰው ከሰዓት በኋላ ያነክሳል። እኔ የለመድኩትን ጫማ አድርጌ በላዩ ከሚለጠጥ ጨርቅ የቡት ሽፋን እሰፋለሁ፤ ከታች በላስቲክ ይያዛል። መርፌ፣ ክር፣ መርፌ ቁልፍና ትንሽ ማስቲሽ ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። በየኮንቬንሽኑ መጀመሪያ የሚጠየቀው መርፌ ቁልፉ ነው፤ ጠያቂዎቹ ደግሞ ገዝተው የለበሱትም ራሳቸው የሰፉትም ናቸው።